ከደብረ ማርቆስ የገዛሁት የወተት ላም መኖ፦ ከሦስት ወር በኋላ

ደብረ ማርቆስ ካለ አንድ መኖ ቤት የተቀናበረ የወተት ላም መኖ መግዛት ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ሁለት ዲቃላ ላሞች አሉኝ። መኖው ጥሩ ነው፣ አሁንም እገዛዋለሁ። ግን አሰጣጡን ካላወቃችሁ የከፈላችሁበት ፕሮቲን በሽንት ይወጣል። ደርሶብኛል።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው ልንገራችሁ። ጆንያው 50 ኪሎ ነው። ሲፈታ ቀድሞ የሚመጣው የኑግ ሽታ ነው፤ የሻጋታ ሽታ የለውም። እፍኝ ሙሉ ዘግኜ መዳፌ ላይ በተንኩት። ጠቆር ያለ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የቀረው)፣ ሰፋፊ ፉርሽካ፣ ሽርክት በቆሎ፣ ጨው፣ ሁሉም ለየብቻው ይታያል። ዱቄት እስኪሆን አልላመም፣ ይሄን ወድጄዋለሁ፤ የላመ መኖ ላሟን ያስነጥሳታል፣ ግማሹም በንኖ ይቀራል። ከዚህ በፊት ከሌላ ሱቅ የገዛሁት ፋጉሎ መሀሉ ተጋግሮ ሻግቶ ነበር፤ ሙሉውን ጆንያ ጣልኩት። አንጀቴ እያረረ ነው የጣልኩት፣ ግን የሻገተ ፋጉሎ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ሊኖረው ይችላል፣ መርዙም ወደ ወተቱ ያልፋል። ያንን ወተት የሚጠጡት ልጆቻችን ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት የቀኑን ድርሻ በሙሉ ጧት አንዴ እሰጥ ነበር፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ የጤፍ ጭድ ብቻ። ወተቱ ግማሽ ሊትር እንኳ አልጨመረም። እበቱ ቀጠነ። ጧት በረቱን ስከፍት የሽንቱ ሽታ ዓይን ያቃጥላል። ተታለልኩ ብዬ ሱቁ ሄድኩ። ባለ ሱቁ የእንስሳት እርባታ የተማረ ወጣት ነው። አልተቆጣም። «ጋሼ፣ በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚሰጧት? ከምን ጋር?» አለኝ። ስነግረው ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና ያስረዳኝ ጀመር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮቲኑ ላይ ቀድመው የሚደርሱት ጨጓራዋ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ተህዋስያን ናቸው። የፋጉሎውን ፕሮቲን አብዛኛውን አፍርሰው አሞኒያ ያደርጉታል፣ ከአሞኒያው ደግሞ የራሳቸውን አካል ይሠራሉ፤ ተህዋስያኑ ራሳቸው ከሽንፍላው አልፈው ወደ መጨረሻው ሆድና ወደ ትንሹ አንጀት ሲወርዱ ላሟ እነሱን ፈጭታ ወተት ታደርጋቸዋለች። ግን ያን አካል ለመሥራት ጉልበት ይፈልጋሉ፤ በቆሎ፣ ፉርሽካ፣ ሞላሰስ (ከስኳር ፋብሪካ የሚተርፈው ጣፋጭ ዝቃጭ)፣ ለጋ ሳር የሚባለው ለዚህ ነው። ጉልበቱ በሰዓቱ ካልመጣ አሞኒያው ወደ ደም ይገባል፣ ጉበት ዩሪያ አድርጎ በሽንት ይሸኘዋል። ለካ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ የከረመው የከፈልኩበት ብር ነው።

በሌላ በኩል ጭድ ብቻውን ቢሰጣትም አይሆንም። ከ100 ኪሎ ደረቅ መኖ ውስጥ ፕሮቲኑ ከ7 ኪሎ በታች ከሆነ ተህዋስያኑ ራሳቸው ይራባሉ፣ ጭዱንም በደንብ አይፈጩትም። የጤፍ ጭድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በታች ነው። ላሟ ሆዷ ሞልቶ ትከሳለች።

ከዚያ በኋላ ድርሻውን ለሁለት ከፈልኩት፤ ግማሹ ጧት፣ ግማሹ ማታ አለባ ላይ። ልኬቱም ለሁለት ሊትር ወተት አንድ ኪሎ ገደማ ሆነ። ከጓሮዬ ደሾ ሳር አጭጄ ከጭዱ ጋር እቀላቅላለሁ፣ ሞላሰስ ሲገኝ በውኃ አቅጥኜ ጭዱ ላይ እረጫለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ትልቋ ላም ከ7 ሊትር ወደ 9 ተኩል ገባች። እበቷ ጠና። የበረቱም ሽታ ጠፋ።

አንድ ነገር አደራ። ፕሮቲን ይጨምራል ተብሎ ከማዳበሪያው ጆንያ ዩሪያ እየዘገኑ መኖ ላይ የሚበትኑ ሰዎች አይቻለሁ። እባካችሁ ተዉት! ዩሪያ ጨጓራ ውስጥ ቶሎ ወደ አሞኒያ ይለወጣል፣ ሲበዛ ላሟን በሰዓታት ውስጥ ይገድላታል። ጭድን በዩሪያ ማከም ሌላ ነገር ነው፤ እሱ በልክ ተመዝኖ፣ በውኃ ተበጥብጦ፣ ተሸፍኖ 21 ቀን ይቆያል፤ ያንንም ባለሙያ ይዛችሁ ሥሩት።

ቅር ያለኝም አለ። ጆንያው ላይ ምንም አልተጻፈም፤ ፕሮቲኑ ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደተቀናበረ አይታወቅም። ጥሩ መኖ የሚያቀናብር ሰው ይሄን መጻፍ ሊያቅተው አይገባም። ዋጋውም በየጊዜው ይጨምራል፤ በሁዳዴ 55 ቀን ወተት ገዢ ሲጠፋ ንጠን ቅቤ እያወጣን ነው የምንችለው።

ጆንያው ላይ እንዲጽፍ ስነግረው ባለ ሱቁ ልጅ እሺ አለ። ለጊዜው ቅንብሩን በእጁ ጽፎ ሰጥቶኛል፣ በረቱ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ቅዳሜ ሁለት ጆንያ ላመጣ እሄዳለሁ።