«ኢንክሪፕትድ ነው» ያሉኝ ክላውድ፣ ቁልፉ ግን እነሱ ጋ

ስሙን አልጠራም፣ ዓመት ከምናምን ከፍዬ የተጠቀምኩበት የፋይል ማስቀመጫ ሰርቪስ ነው። ፍጥነቱ አሪፍ ነው፣ አፑም ቆንጆ፣ ፎቶ ስትጭኑ አይንቀራፈፍም፣ እሱ ላይ አላማውም። ግን ዌብሳይታቸው ላይ በትልቁ «ፋይልዎ ሙሉ በሙሉ የተመሰጠረ ነው» ይላል (ኢንክሪፕትድ፣ ያለ ቁልፉ የማይነበብ ማለት ነው)፣ እኔም አምኜ የመታወቂያ ኮፒ በሉት የሐኪም ወረቀት ሁሉንም እዛ ከተትኩት።

ባለፈው ፓስወርዴ ጠፋኝ። በቃ አለቀልኝ ብዬ ሰፖርት ላይ ጻፍኩ፣ ኢሜይሌን አረጋገጡና ሊንክ ላኩልኝ፣ አዲስ ፓስወርድ ሳስገባ አንድም ፋይል ሳይጎድል ሁሉም ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ትንሽ ቆይቶ ግን ደነገጥኩ፣ ቆይ እኔ ረስቼው እነሱ በምን ከፈቱት? ቁልፉ እነሱ ጋ ስላለ ነዋ! ስጠይቃቸው «ለእርስዎ ምቾት ሲባል ቁልፉን እኛ እናስተዳድራለን» አሉኝ፣ ፕራይቬሲ ፖሊሲውን እስከታች ወርጄ ሳነበው ደግሞ የመንግሥት ትእዛዝ ከመጣ አሳልፈን እንሰጣለን ይላል።

«እኔ የምደብቀው የለኝም» የምትሉ አትጠፉም። እሺ፣ ግን ላቫቢት የሚባለው የኢሜይል ሰርቪስ ምን እንደደረሰበት እዩ፣ በፈረንጆቹ 2013 የአሜሪካ መንግሥት የፈለገው የአንድ ሰው ኢሜይል ነበር፣ የጠየቀው ግን የድርጅቱን ኤስኤስኤል ቁልፍ (ወደ ሰርቪሱ የሚገባ የሚወጣው ሁሉ የሚመሰጠርበትን)፣ እሱ ደግሞ የ400 ሺህ ምናምን ተጠቃሚ በር ነው። ባለቤቱ ቁልፉን ለማንበብ በሚያስቸግር ደቃቃ የ4 ቁጥር ፊደል 11 ገጽ ላይ አትሞ ሰጣቸው፣ እዚህ ጋ ስቄያለሁ፣ ፍርድ ቤቱ ግን በቀን 5,000 ዶላር ቅጣት ሲጥልበት አስረከበና ሰርቪሱን ዘጋው። ሲግናል የሚባለው የመልእክት አፕ ግን 2016 ላይ የፍርድ ቤት መጥሪያ ሲመጣበት የሰጠው አካውንቱ የተከፈተበትንና መጨረሻ የገባበትን ጊዜ ብቻ ነው፣ ሌላ እጁ ላይ የለማ!

ብሩን ቀድሜ ስለከፈልኩ አለቀቅኳቸውም። አሁን ክሪፕቶሜተር በሚባል ፕሮግራም ኮምፒውተሬ ላይ ራሴ ቆልፌ ነው የምጭነው፣ እነሱ የሚያዩት የተዘበራረቀ ፊደል ነው። ጣጣ አለው ግን፣ በአፓቸው ፎቶዎቹ አይታዩም፣ በስም መፈለግም ቀረ።

ለፍጥነቱ ከ5 ኮከብ 4፣ ለ«ሙሉ በሙሉ» 1። የክሪፕቶሜተሩን ፓስወርድ ወረቀት ላይ ጽፌ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌዋለሁ፣ እሱ ከጠፋ ዘንድሮ ሰፖርትም አያወጣኝም።