ዳኛ የሌለው ኤግዚቢሽን፦ የፖስታ ጥበብ ጥሪዎች ሲገመገሙ

የፖስታ ጥበብ ማለት አርቲስቶች በፖስታ እየላኩ የሚለዋወጡት የጥበብ ሥራ ነው። የዚህን ልውውጥ መረብ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ካስፋፉት ዋነኛው አሜሪካዊው ሬይ ጆንሰን ነው። «ሥራችሁን ላኩ፣ በኤግዚቢሽን እናሳየዋለን» የሚሉት ጥሪዎች ልማዳዊ ደንብ ዛሬም ያው ነው፦ ዳኛ የለም፣ የመግቢያ ክፍያ የለም፣ የመጣው ሁሉ ይሰቀላል፣ የተላከ አይመለስም። በምትኩ ለተሳታፊዎች የስም ዝርዝር ወይም ካታሎግ ይላካል። ገንዘብ የሚጠይቅ ጥሪ ካጋጠማችሁ እለፉት፤ ስሙን ብቻ ነው የተዋሰው።

ችግሩ ያለው መንገድ ላይ ነው። 10.5 በ14.8 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ በካሬ ሜትር 250 ግራም ገደማ የሚመዝን ካርድ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ይደርሳል። ስስ ወረቀት ደብዳቤ የሚለየው ማሽን ውስጥ ገብቶ ይጨማደዳል። ቁልፍ፣ ክር ወይም ቆርቆሮ የተለጠፈበትንማ ማሽኑ ይገነጥለዋል፤ እንዲህ ያለውን ፖስታ ውስጥ ክተቱት። ውፍረቱ ከ5 ሚሊ ሜትር ካለፈ ግን የመላኪያው ዋጋ ሊጨምር ይችላል።

ከላስቲክ ማኅተም የምትቀርጹ ከሆነ ፊደሉን ገልብጣችሁ ቅረጹ፣ አለዚያ ተገልብጦ ይታተማል። አድራሻውን ውሃ በሚያሟሟው ቀለም አትጻፉ፤ አንድ የዝናብ ጠብታ ይበቃዋል።

ካታሎጉ? ብዙ ጊዜ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይመጣም። ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት ሥራውን ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንሱት።