ሜካኒካል ፔይንትቦል ማርከሬ ከወራት በኋላ፦ ፍጥነቱ ለምን ይወርዳል፣ ምን አደረኩለት

ይሄን ማርከር፣ ማለትም የቀለም ኳስ የሚተኩሰውን የፔይንትቦል ጠመንጃ፣ ከያዝኩ ወራት አልፈዋል፣ ብርዱንም ሙቀቱንም አብረን አይተናል፣ ስለዚህ አሁን ስለሱ አፌን ሞልቼ መናገር የምችል ይመስለኛል። ብራንዱን ልተወው፣ ማስታወቂያም ክስም እንዲመስል አልፈልግም፣ ደግሞ ያገለገለ ስለሆነ ከእኔ በፊት ምን ምን እንዳሳለፈ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። ዓይነቱን ግን ልንገራችሁ፦ ባትሪ ምናምን የሌለው፣ ሙሉ በሙሉ ሜካኒካል፣ ብሎውባክ የሚባለው፣ ፊልዶች፣ ማለትም የመጫወቻ ሜዳዎቹ፣ ለኪራይ የሚሰጡት ዓይነት ነው። ቲፕማን 98 የሚባለው ማርከር ያላችሁ ከዚህ በታች የምለው አብዛኛው ይሠራላችኋል፣ የውስጥ አሠራሩ ተመሳሳይ ነው። ባጭሩ ወድጄዋለሁ፣ ቢወድቅም ጭቃ ቢጠጣም ግድ የለውም፣ ግን አንድ ጠባይ አለው፣ ቀስ በቀስ የሚተኩሳት ኳስ ፍጥነት ይወርዳል። ይሄን ግምገማ የምጽፈውም በዋናነት ለዚህ ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ፍጥነት ወረደ ሲል ወዲያው ካቻቢቴ ይዞ ማርከሩን ሊበትን ይነሳል።

ለጀማሪዎች ቁጥሩን ልንገራችሁ። እኔ ያለሁት አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው፣ እዚህም እንደሌላው አሜሪካ ፊልድ ከመግባታችሁ በፊት ክሮኖ ላይ ትተኩሳላችሁ፣ ማለትም የኳሷን ፍጥነት የሚለካው ማሽን ላይ። የስፖርቱ የመጨረሻ ጣሪያ 300 ጫማ በሰከንድ ነው፣ በሜትር ወደ 91 ይመጣል፣ ብዙ የውጪ ፊልዶች ግን 280 ወይም 285 ላይ ይቆርጡታል፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ከዛም ዝቅ ያደርጉታል። ኳሷ 0.68 ኢንች ናት፣ ክብደቷ 3 ግራም ገደማ። በ 275 የሄደች ኳስ ሰው ላይ ትፈነዳለች በቃ። በ 220 የሄደችው ግን ወፍራም ጃኬት ላይ ነጥራ መሬት ትወድቅና «መታሁህ» «ኧረ የታለ ቀለሙ» የሚባል ክርክር ውስጥ ትገባላችሁ፣ ርቀቱም ያጥራል፣ ለማካካስ ወደ ላይ እያነጣጠራችሁ መተኮስ ትጀምራላችሁ፣ ሰውም አይቶ ይሸሻል።

ከእኛ ጋር የሚጫወት አንድ ጋሼ አለ፣ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያደገ ሰው ነው፣ እዚህ ልጆቹ ጎትተው አምጥተውት ከእነሱ በላይ ሱስ የያዘው እሱ ነው። የኔ ማርከር ክሮኖ ላይ 230 ሲያወጣ ቁልፍ ስጡኝ ስል ሳቀብኝና «አንተ ልጅ፣ መኪና አልነሳ ሲል መጀመሪያ ሞተር ይወርዳል እንዴ? ነዳጁን እየው እስቲ» አለኝ። እውነቱን ነው። ከዛ ወዲህ ማርከሬ ባመመው ቁጥር ከውጪ ጀምሬ ነው ወደ ውስጥ የምገባው፣ አብዛኛውን ጊዜም ውስጥ ሳልደርስ መፍትሔው ይገኛል።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ጋዙ ነው። ማርከሩ ሲኦቱም (ካርቦን ዳይኦክሳይድ) የታመቀ አየርም ይቀበላል፣ እኔ ስጀምር ከማርከሩ ጋር የመጣውን የሲኦቱ ታንክ ነበር የምጠቀመው። ሲኦቱ ታንኩ ውስጥ በፈሳሽ መልክ ነው ያለው፣ ግፊቱን የሚወስነው ምን ያህል እንደሞላችሁት ሳይሆን ሙቀቱ ነው። 21 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ወደ 850 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ይሰጣችኋል፣ ዜሮ ዲግሪ ላይ ግን ወደ 500 ይወርዳል። አስቡት፣ ማርከሩ ለ 800 ምናምን ተሠርቶ እናንተ በ 500 ልታጫውቱት ነው። ኮሎራዶ ደግሞ ጠዋት በረዶ፣ ከሰዓት በቲሸርት የሚኬድበት አገር ነው፣ ስለዚህ ጠዋት 230 ያወጣ ማርከር ከምሳ በኋላ ማንም ሳይነካው 280 ሊደርስ ይችላል። እዚህ ላይ ነው አደጋው፣ ጠዋት በብርድ «ዝቅ ብሏል» ብሎ የፍጥነቱን ብሎን የከፈተ ሰው ከሰዓት ከ 300 በላይ ሰው ላይ ይተኩሳል ሳያውቀው። ሲኦቱ የምትጠቀሙ ከሆነ ሙቀቱ በተቀየረ ቁጥር ክሮኖ ድገሙ።

ደሞ ሌላው፣ በተከታታይ ድድድ ስታደርጉት ፈሳሹ ወደ ጋዝ ለመቀየር ሙቀት ከታንኩ ስለሚወስድ ታንኩ ይቀዘቅዛል፣ አንዳንዴ ውጪው ላይ ውርጭ ይታያል፣ ያኔ ፍጥነቱ ተኩስ በተኩስ እየወረደ ይሄዳል። ትንሽ ስታሳርፉት ይመለሳል። አርፎ የሚመለስ ከሆነ ማርከሩ ጤነኛ ነው፣ አትበትኑት።

በዚህ ምክንያት ወደ ታመቀ አየር ዞርኩ፣ ከዛ ወዲህ ግማሹ ራስ ምታቴ ጠፋ። የአየር ታንክ 3000 ወይም 4500 ፒኤስአይ ይይዛል፣ ላዩ ላይ ያለው ሬጉሌተር ደግሞ ያንን ቀንሶ ወደ 800 ወይም 850 አድርጎ ለማርከሩ ይሰጠዋል፣ ብርድም ሙቀትም እንደ ሲኦቱ አያናውጠውም። ግን እዚህም ወጥመድ አለ። የኤሌክትሮኒክ ማርከር ያላቸው ልጆች የሚይዙት ሎው ፕሬሸር የሚባል ታንክ አለ፣ መውጫው 450 አካባቢ ነው። ከውጪ ሲታይ ልዩነቱ አይታወቅም፣ ጥርሱም ያው ስለሆነ ማርከራችሁ ላይ ቁጭ ይላል። አንድ ጓደኛዬ አየሬ ሲያልቅ እንዲህ ያለውን አዋሰኝና ማርከሩ አበደ፣ ፍጥነቱ 190 ምናምን፣ ከዛ አልፎ አንዴ ቃታ ስስብ ራሱን ችሎ ድድድድድ ማለት ጀመረ። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ብሎውባክ ማርከር ኳሷን ከገፋው ጋዝ ቀንሶ ነው የኋላውን ቦልት፣ ማለትም ውስጡ ወደፊትና ወደኋላ የሚመላለሰውን ብረት፣ ወደ ቦታው የሚመልሰው፣ ግፊቱ ካነሰ ቦልቱ ጥርስ ሳይነክስ ተመልሶ ይመታል፣ እንደገና፣ እንደገና። የታንካችሁ አየር ሲያልቅም ይሄው ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ ድድድ ካለ መጀመሪያ ጌጁን እዩ፣ 1000 አካባቢና ከዛ በታች ከወረደ ሬጉሌተሩም የሚሰጠው ነገር እያጣ ነው፣ ሂዱና አስሞሉ።

ሦስተኛው ነገር ሞኝ ይመስላል ግን ደጋግሜ ሰው ላይ አይቼዋለሁ፣ ታንኩ እስከመጨረሻው አለመጠበቁ። ታንኩ አናት ላይ ትንሽ ፒን አለች፣ ማርከሩ ላይ ሲታሰር ተጭና ነው አየር የምትለቀው፣ ግማሽ ብቻ ከተጫነች አየሩ በቀጭኑ ነው የሚመጣው። የመጀመሪያዋ ጥይት ጥሩ ትሄዳለች፣ ተከታዮቹ ይደክማሉ። እጃችሁን አዙራችሁ አጥብቁት።

ቀለሙ ላይ ስመጣ ትንሽ ልቆጣ። ሰው ለማርከር ይከፍልና ኳስ ላይ ይሰስታል። ኳስ ጄላቲን ነው፣ እርጥበት ያብጠዋል፣ ድርቀት ያደርቀዋል፣ ከጊዜ ብዛትም ቅርጹ ይበላሻል፣ መኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ ክረምት ያሳለፈ ካርቶን ይዛችሁ መጥታችሁ ማርከሩን አትውቀሱ። ዋናው ነገር ከባረሉ፣ ኳሷ ከምትወጣበት ቱቦ፣ ጋር መግጠሙ ነው። ባረሉን ከማርከሩ ፈቱት፣ ኳስ ከኋላ አስገቡ፣ ዝም ብላ ተንሸራትታ በዛኛው ጫፍ ከወጣች ባረሉ ለዛች ኳስ ሰፍቷል፣ ጋዙ በጎንና በጎን እያመለጠ ነው፣ ፍጥነቱም ይወርዳል፣ አንዱ ጥይት 270 ሌላው 240 እያለ ይዋዥቃል። ጥሩዋ ያዝ ታደርግና በአፋችሁ እፍ ስትሉባት የምትወጣዋ ናት። እኔ ከማርከሩ ጋር የመጣው ባረል ሰፋ ያለ ነበር፣ ቀጭን የውስጥ ልክ ያለው ሌላ ባረል ስገዛ የመለሰልኝ ፍጥነት ከሁሉም በላይ ዋጋ ያለው ጥገና ነው ማለት እችላለሁ፣ የአየር ፍጆታውም ቀነሰ።

ይሄ ሁሉ ታይቶ አሁንም ዝቅ ካለ፣ እሺ፣ አሁን ቁልፍ አምጡ። መጀመሪያ ሆፐሩን፣ ኳሶቹ የሚቀመጡበትን ዕቃ፣ አውርዱ፣ ታንኩን ፍቱ፣ የቀረውን ጋዝ ሰው ወደሌለበት ተኩሳችሁ ጨርሱ፣ ይሄን ስታደርጉ መነጽሩ ፊታችሁ ላይ ይሁን። ታንክ ስትፈቱ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ መዞር ያለበት ታንኩ ከነቫልቩ ነው፣ ቫልቩ ማርከሩ ላይ ቀርቶ ታንኩ ብቻ ከዞረ ወዲያው አቁሙ። ግፊት ያለበት ታንክ ከቫልቩ ተላቆ እንደ ሮኬት ተወርውሮ ሰው የገደለበት ጊዜ አለ፣ ቀልድ አይደለም። በጥፍር ቀለም ቫልቩና ታንኩ ላይ አንድ መስመር አስምሩበት፣ መስመሩ ከተዛነፈ ታያላችሁ።

ውስጡ ስትገቡ የምታገኙት ብዙ ጊዜ ቆሻሻ ነው። የፈነዳ ኳስ ፈሳሹ ደርቆ እንደ ሙጫ ይሆናል፣ አሸዋ ይጨመርበታል፣ የኋላው ቦልት ጋዙን የሚለቀውን የማርከሩን የውስጥ ቫልቭ መምታት ባለበት ጉልበት አይመታም፣ ቫልቩ በቂ ጊዜ ሳይከፈት ይዘጋል፣ ፍጥነቱ ወረደ ማለት ነው። በጨርቅ መጥረግ። ከዛ የኋላው ቦልት ላይ ያለችው ጎሚኒ አለች፣ ደርቃ ከሆነ ወይም አብጣ ከሆነ ቦልቱን ትይዘዋለች፣ ተበልታ ከሆነ ደግሞ ጋዙን ታስመልጥና ቦልቱ አይመለስም። የኔዋ ደርቃ ነበር። የማርከር ዘይት ጠብ ጠብ አድርጌ ጥቂት ቀን ሠራች፣ በኋላ ቀየርኳት፣ ከነትርፎቿ የምትሸጥ ኪት አለች ርካሽ ናት፣ ቦርሳችሁ ውስጥ አትጥፋ። ዘይቱን ታንኩ በሚታሰርበት ቀዳዳ ጥቂት ጠብታ ጨምራችሁ ያለ ኳስ ስትተኩሱ አየሩ ራሱ ወደ ውስጥ ያደርሰዋል። ብዙ አታድርጉ፣ ባረሉ ከቀባ ኳሶቹ ይጠማዘዛሉ። ለበር ማጠፊያና ለዛገ ብሎን የሚረጨውን ስፕሬይ ደግሞ በምንም ተዓምር፣ ጎሚኒዎቹን ያሳብጣቸዋል።

ሞላው ደግሞ ሌላ ነው፣ ቦልቱን ወደፊት የሚገፋው ትልቁ ሞላ። በዘመን ብዛት ይደክማል፣ ያጥራል። ከአዲስ ጋር ጎን ለጎን አድርጉት፣ በግልጽ ካጠረ ቀይሩት። እና በባረሉ በኩል ያለማቋረጥ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ቫልቩ ውስጥ ያለው «ከፕ ሲል» የሚባለው መዝጊያ አልዘጋ ብሏል ማለት ነው፣ አየርም ያባክናል። ይሄኛውን እኔ ራሴ አልሞከርኩትም፣ ጋሼ ነው የቀየረልኝ፣ ለክፍያ ቡና ጋብዤው።

የፍጥነት ብሎኗን በመጨረሻ። በእኔ ማርከር ጎኑ ላይ ናት፣ በአሌን ቁልፍ ወደ ውስጥ ስትገባ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ወደ ውጪ ስትወጣ ይጨምራል፣ ግን ተገላቢጦሽ የሆኑ ማርከሮች አሉ፣ የማርከራችሁን መመሪያ መጽሐፍ እዩ። ሩብ ዙር ብቻ፣ ከዛ ክሮኖ ላይ ጥቂት ጥይት፣ ከዛ ሌላ ሩብ። ሞላ ወይም ጎሚኒ ከቀየራችሁ በኋላ ደግሞ የግድ ነው፣ ድሮ ለደከመው ሞላ የተከፈተችው ብሎን በአዲሱ ሞላ 310 ልታወጣላችሁ ትችላለች፣ ፊልድ ሳትገቡ ትባረራላችሁ።

አሁን 275 ላይ ቆሞ ውሎ ይገባል፣ ብዙም አይዋዥቅም። የማልወድለት፣ ከባድ ነው፣ ቃታውም ረጅም ስለሆነ ኤሌክትሮኒክ ከያዘ ልጅ ጋር በፍጥነት አልፎካከርም፣ አየርም ይበላል። ለጀማሪ ግን ሌላ አልመክርም። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ሻጩን «ሲተኩስ አሳየን» በሉት፣ ታንክ አብሮ ካለው ደግሞ አንገቱ አካባቢ የተመታውን የፍተሻ ቀን አንብቡ፣ እዚህ አሜሪካ አብዛኞቹ በየ 5 ዓመቱ መፈተሽ አለባቸው፣ ቀኑ ካለፈ ፊልድ አይሞላላችሁም፣ የፍተሻውን ዋጋ ከታንኩ ላይ አስቀንሱት።