የድሮ ብር ቅብ ዕቃ ልትገዙ ነው? ከሥሩ ኒኬል ነው ወይስ መዳብ?

ቸርችል ጎዳና ካሉት የቅርሳ ቅርስ ሱቆች አንዱ ጋ ገብታችሁ ስለሚያብረቀርቅ ትሪ ወይም በራድ ብትጠይቁ «ብር ነው» ልትባሉ ትችላላችሁ። ብዙ ጊዜ ግን ብር ቅብ ነው። ቅብ መሆኑ አያስከፋም። ከብሩ ሥር ያለው ምንድን ነው የሚለው ነው ዋናው።

ብሩን ከቅቡ አስቀድመን እንለየው። ስተርሊንግ የሚባለው የእንግሊዝ ብር ከ1000 እጅ 925ቱ ብር ነው፤ ዕቃውን ገልብጣችሁ 925 የሚል ቁጥር ወይም የሚራመድ አንበሳ ማህተም ፈልጉ። ኢፒኤንኤስ (EPNS) የሚሉ የላቲን ፊደላት ካያችሁ ቅብ ነው፣ በብር ዋጋ እንዳትከፍሉ። በማግኔት እለያለሁ ብላችሁም አትድከሙ፤ ብሩንም መዳቡንም አይስብም።

ኢፒኤንኤስ የተባለው ከሥሩ «ኒኬል ሲልቨር» አለው። ስሙ ያሳስታል እንጂ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው፣ ብር የሚባል የለበትም። የበርሚንግሃሞቹ ኤልኪንግተኖች በኤሌክትሪክ የመለበጡን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1840 በፓተንት ካስመዘገቡ በኋላ የተስፋፋ ነው። ጥሩነቱ፣ ቅቡ ሲሳሳ ከሥሩ ግራጫ ነገር ብቅ ስለሚል ከሩቅ ብዙም አያስታውቅም። መዳብ ላይ የተለበጠው ግን ጠርዙ ላይ ቀይ ሆኖ ይታያል። እኔ ያ ቅላት በጣም ደስ ይለኛል፣ ዕድሜውን ይናገራል። ቢሆንም መዳቡ የወጣበት ላይ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ያለበት ምግብ አይቀርብም። ስለዚህ መዳቡ ቡፌ ውስጥ ለጌጥ፣ ኒኬሉ ለእጅ።

ለቤታችን ምን ይሆናል ካላችሁ፣ እኔ ከባድ የኒኬል ትሪ ነው የምመርጠው። የቡና ሲኒ ለማዞር የሚያህለው የለም። ጨው ያለው ፈንዲሻ ግን አታፍስሱበት፤ ጨው ብሩን ይበላዋል። ድፎ ዳቦም አትቁረጡበት። ማንኪያውን ደግሞ ዶሮ ወጥ ላይ አታውጡት፣ እንቁላሉና ሽንኩርቱ ውስጥ ያለው ድኝ ብር ያጠቁራል። ለሻይና ለስኳር ግን በየቀኑ ተጠቀሙበት። ቡፌ ውስጥ ለእንግዳ ብሎ ዓመት ሙሉ ከቆለፉበት፣ ያለ ሥራ ተቀምጦ ይጠቁራል።

ሲጠቁር በጥርስ ሳሙና አትፈትጉት፣ ይጭረዋል፣ ቅቡም በየፍትጊያው ይሳሳል። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አልሙኒየም ፎይል አንጥፉ፣ ቤኪንግ ሶዳና በጣም የሞቀ ውሃ ጨምሩና ዕቃው ፎይሉን እንዲነካ አድርጋችሁ ጥቂት ደቂቃ አቆዩት። ጥቁረቱ ሳይፈተግ ይለቃል።

አንድ ጊዜ ስድስት ማንኪያ በጎማ ላስቲክ አስሬ መሳቢያ ውስጥ ረሳኋቸው። ላስቲክም ድኝ አለበት ለካ! ስፈታቸው እያንዳንዱ ወገቡ ላይ ጥቁር መስመር ይዟል፣ የአንዱ እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም፣ ሳየው ያናድደኛል። ማንኪያ በላስቲክ ታስሮ ከሸጡላችሁ እዚያው ሱቁ በር ላይ ፍቱትና በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ውሰዱት።