«ካቃጠለሽ እየሠራ ነው» የሚሏችሁን የክሌይ ሻጮች አትመኑ

«ዲቶክስ ክሌይ» እየተባለ በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚሸጠውን የፊት ዱቄት ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ብር ከመላካችሁ በፊት ይህችን አንብቡ። ክሌይ፣ ማለትም ደቃቁ የሸክላ አፈር፣ ራሱ መጥፎ ነው አልልም። ቅባታማ ፊት ላለው ሰው በልኩ ከተጠቀመበት ይጠቅማል። የማስጠነቅቃችሁ ስለ ሽያጩ ነው።

የአክስቴ ልጅ ብጉር ያስቸግራታል። አንዲት ሻጭ «የኔ ቆንጆ፣ ይሄ ከደምሽ ውስጥ መርዙን ስቦ ያወጣልሻል» ብላ የሦስት ወር ፓኬጅ ሸጠችላት። ክፍያው በቴሌብር፣ ቀድሞ። ደረሰኝ የለም። ዕቃው በሞተረኛ መጣ። ላዩ ላይ «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ፣ ኬሚካል የሌለው» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ማን እንዳመረተው፣ የት እንደታሸገ፣ ጊዜው መቼ እንደሚያልፍ ግን አልተጻፈም። የአጠቃቀም መመሪያው በድምፅ መልእክት ነው የመጣው፦ በአፕል ቪኔጋር ወይም በሎሚ አቡኪው፣ ፊትሽ ላይ ደርቆ እስኪሰነጣጠቅ አቆዪው፣ በየቀኑ ድገሚው።

ፊቷ ቀላ። ከዚያ መላጥ ጀመረ። ፎቶ አንስታ ብትልክላት የሻጯ መልስ «አትፍሪ ማሬ፣ ቆሻሻው እየወጣ ነው፤ ካቃጠለሽ እየሠራ ነው» የሚል ሆነ። ቀጥላም «ማረጋጊያ» የምትለውን ቅባት ሸጠችላት። የተላጠው ቦታ ሲጠቁር ደግሞ ማንጫ ክሬም አቀረበችላት። በመጨረሻ ልጅቷ ብሬን መልሺልኝ ስትል ብሎክ ተደረገች።

አካሄዱን ልብ በሉት። ዕቃው ከሠራ ምስጋናው የሻጭ ነው። ካቃጠለም «እየሠራ ነው» ይባላል። የደረሰባችሁ ጉዳት ሁሉ ሌላ ዕቃ መሸጫ ይሆናል። በዚህ ዓይነት ንግድ ገዢው በምንም መንገድ አያሸንፍም። እኔን ያናደደኝም ይሄ ነው፤ ሰው ሕመሙን እየነገራቸው መልሰው እሱኑ ይሸጡለታል።

ክሌይ በእርግጥ የሚሠራው ምንድን ነው? ቅንጣቶቹ በጣም ደቃቅና ስስ ናቸው። ቆዳ ላይ ያለውን ወዝና ውሃ ይመጥጣሉ። ለዚህ ነው ከታጠባችሁ በኋላ ፊታችሁ ወዙ የጠፋው። ሲደርቅ የሚሰማችሁ መወጠር ደግሞ ጭቃው ውሃውን አጥቶ ሲኮማተር የሚፈጠር ነው። መርዝ እየተሳበ አይደለም። ክሌይ በቆዳ አልፎ ደም ውስጥ ያለ ነገር አይስብም። ደማችንን የማጣራቱ ሥራ የጉበትና የኩላሊት ነው።

ማቃጠሉስ ከየት መጣ? ጤናማ የፊት ቆዳ ትንሽ አሲድነት አለው፤ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች 5 አካባቢ ነው (ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር አሲድነቱ ይቀንሳል)። ቤንቶናይት የተባለው የክሌይ ዓይነት በውሃ ሲበጠበጥ ግን ብዙ ጊዜ ከ8 በላይ ይሆናል፣ 10 አካባቢ የሚደርስም አለ። ያንን በየቀኑ ቀብቶ እስኪሰነጣጠቅ ማቆየት የቆዳውን መከላከያ ያፈርሰዋል። ቪኔጋር የሚጨምሩት ይህን ለማመጣጠን ነው ይላሉ፤ ግን ማንም አይለካውም፣ ቪኔጋሩ ራሱም ያቃጥላል። ሎሚው የባሰ ነው። የሎሚ ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠል፣ ሊያብጥና ሊጠቁር ይችላል። በእኛ መልክ ላይ ደግሞ ቆዳ ከተቆጣ በኋላ የሚቀረው ጥቁር ምልክት ለወራት አይለቅም። ብጉሩ ድኖ ጥቁረቱ ይቀራል ማለት ነው።

«ግን እኮ ተፈጥሯዊ ነው» የሚሉ አሉ። በአገራችን ደጋማ ቦታዎች ለዓመታት በባዶ እግራቸው ቀይ አፈር የረገጡ ስንት ገበሬዎች እግራቸው አብጦ ይሠቃያሉ? በሕክምና ፖዶኮኒዮሲስ፣ በተለምዶ ዝሆኔ የምንለው ይህ በሽታ የሚመጣው በእግር በኩል ከሚገቡ ደቃቅ የአፈር ማዕድናት ነው። የፊት ማስክ ዝሆኔ ያመጣል እያልኩ አይደለም፤ በፍጹም። አፈር ተፈጥሯዊ ስለሆነ ብቻ አይጎዳም የሚለው ክርክር ግን ኢትዮጵያ ውስጥ ሊነሳ የማይገባው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ስጋት ልምጣ። ክሌይ ከመሬት የሚቆፈር ማዕድን ስለሆነ እርሳስና አርሴኒክ የመሳሰሉ ከባድ ብረቶች ሊኖሩበት ይችላሉ። በ2016 እንደ ፈረንጆቹ፣ ኤፍዲኤ የተባለው የአሜሪካ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሁለት የቤንቶናይት ምርቶች ብዙ እርሳስ ስለተገኘባቸው ሰዎች እንዳይጠቀሙባቸው አስጠንቅቋል። ይኸው መሥሪያ ቤት ለመዋቢያ ምርቶች የሚመክረው ከፍተኛ የእርሳስ መጠን በኪሎ 10 ሚሊግራም ነው። እርሳስ ሽታም ጣዕምም የለውም። ቤት ውስጥ ልታውቁት አትችሉም፤ የሚታወቀው በላብራቶሪ ብቻ ነው። ሻጯን «የምርመራ ውጤቱን አሳዪኝ» በሏት። የምትሰጣችሁ መልስ የደንበኞች ፎቶ ከሆነ ተዉት።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ «ጠዋት በባዶ ሆድ ጠጪው፣ ውስጥሽን ያጸዳል» የሚሉት ነው። አትጠጡት! በተለይ ነፍሰ ጡር እህቶች፣ እባካችሁ። እርሳስ ወደ ፅንሱ ይሻገራል፣ የልጁን አእምሮ ይጎዳል። አፈር አፈር የሚያሰኛችሁ ከሆነ የብረት ማነስ ሊሆን ስለሚችል ክትትል በምታደርጉበት ጤና ጣቢያ ደማችሁን ተመርመሩ። መድኃኒት የምትወስዱም ብትሆኑ፣ ክሌይ ሆድ ውስጥ መድኃኒቱን ይዞ ሰውነታችሁ እንዳያገኘው ሊያደርግ ይችላል።

ሌላው፣ የገዛችሁት ነገር ጭራሽ የመዋቢያ ክሌይ ላይሆን ይችላል። ጥሬ ዕቃው ብርቅ አይደለም። ካኦሊን የተባለው የክሌይ ዓይነት በአገራችን ቦምቦዋ በተባለ ቦታ ይወጣል፣ ለሴራሚክ ፋብሪካም ይቀርባል። ቤንቶናይት አፋር ውስጥ አለ፤ በዓለም ላይ ለጉድጓድ ቁፋሮና ለድመት ማጸዳጃ ሳይቀር ይውላል። ለፋብሪካ የተዘጋጀ ዱቄት ፊት ላይ ይቀባል ተብሎ አይመረመርም። በጥቃቅን ዕቃ ተከፋፍሎ፣ ስም ወጥቶለት ሲቀርብ ግን ልዩነቱን በዓይን አታዩትም። ጤፍ ላይ ጀሶ የሚቀላቅል ሰው በታየበት አገር ነጭ ዱቄትን በስሙ ብቻ ማመን ይከብዳል።

ለጀሶው ቢያንስ ቀላል መለያ አለ። ፊታችሁ ላይ ሳይሆን ሳህን ላይ ትንሽ ዱቄት በውሃ አቡኩና ተዉት። ጀሶ ከሆነ በደቂቃዎች ውስጥ ሞቅ እያለ ይጠነክራል፤ ከጠነከረ በኋላ ውሃ ብትጨምሩበት ተመልሶ አይለሰልስም። ክሌይ ግን በዝግታ ይደርቃል፣ ውሃ ሲያገኝ መልሶ ጭቃ ይሆናል። ይህን ፈተና ማለፉ ግን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ እርሳሱን አያሳይም።

በብረት ማንኪያ ከነካችሁት ኃይሉ ይሞታል ብለው የእንጨት ማንኪያና ጎድጓዳ ሳህን በተጨማሪ ብር የሚሸጡም አሉ። ለማቡኪያ ያህል የማይዝግ ማንኪያ ምንም አያደርገውም። ብራችሁን ያዙ። ስትበጠብጡ ግን ዱቄቱ እንዳይቦን ተጠንቀቁ፤ ብናኙ ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

«ከክሌይ ጋር የሚሄድ» ተብሎ የሚመጣውን ማንጫ ክሬም ደግሞ እጃችሁ እንዳይነካው። ስም በሌላቸው ማንጫዎች ውስጥ ሜርኩሪ ወይም እንደ ክሎቤታሶል ያለ ጠንካራ ስቴሮይድ (የቆዳ መቆጣት ማብረጃ መድኃኒት) ሊኖር ይችላል። በጥቂት ቀን ፊት ያበራሉ፤ ሲያቆሙት ብጉሩ ብሶ ይመለሳል፣ ቆዳውም ይሳሳል። በጣም ፈጥኖ የሠራ ነገር ሊያስጠረጥራችሁ ይገባል።

ክሌይ ከወደዳችሁ፣ የአምራቹ ስምና አድራሻ፣ የምርት መለያ ቁጥር እና የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜ ያለበትን፣ ደረሰኝ ከሚሰጥ ሱቅ ወይም ፋርማሲ ግዙ። ደረቅ ወይም ቶሎ የሚቆጣ ፊት ላላችሁ ካኦሊን ከቤንቶናይት ይለዝባል። መጀመሪያ ክንዳችሁ ውስጠኛው ክፍል ላይ ሞክሩና አንድ ሁለት ቀን ጠብቁ። በውሃ ብቻ በጥብጡ። ከአሥር ደቂቃ አታሳልፉት፣ ሳይደርቅ ታጠቡት፣ ከዚያ ማለስለሻ ተቀቡ። በሳምንት አንዴ ይበቃል። ቁስል፣ ኤግዚማ ወይም የፈነዳ ብጉር ላይ ግን ጨርሶ አታድርጉት። ባልተጣራ አፈር ውስጥ የቴታነስ ተህዋስ ሊኖር ይችላል።

አሁን ፊታችሁ እያቃጠላችሁ ያላችሁ፣ ዛሬውኑ አቁሙ። ቀዝቀዝ ባለ ውሃ ታጠቡ፣ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ተቀቡ፣ ከፀሐይ ተከለሉ። ካበጠ፣ ውሃ ከቋጠረ ወይም ዓይናችሁ አካባቢ ከደረሰ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ አዲስ አበባ ያላችሁ አለርት ሆስፒታልን ታውቁታላችሁ። የተጠቀማችሁበትን ዕቃ ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ ማንጫውንም ሳትደብቁ።

ዱቄቱን አትድፉት። ከነማሸጊያው አስቀምጡት፣ የቴሌብር ማረጋገጫውንና የተጻጻፋችሁትን ሻጩ ሳያጠፋው ስክሪንሾት አንሱ። መዋቢያዎችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ መስመር 8482 ነው፤ ደውላችሁ አመልክቱ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 813/2006፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ብሩ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ስለዚህ «ትንሽ ታገሺ፣ ሦስት ወሩ ይለቅ» ሲሏችሁ አትጠብቁ፤ እየጠበቃችሁ ጊዜው ያልፍባችኋል።