ለራስ መጻፍ፦ ደብተር ወይስ ቴሌግራም ቻናል?

ጅማ ላይ ሁለቱንም ሞክሬአለሁ።

ወጪ፦ ደብተር አንዴ ይገዛል። ቻናል በነፃ ይከፈታል፤ ዳታው ግን ቀስ እያለ ኪስ ያራቁታል።

ምቾት፦ ደብተር መብራት ቢጠፋም አይጠፋም። ቴሌግራም በአንድ መልእክት እስከ 4096 ፊደል ይይዛል፤ ከተለጠፈ በኋላም ይታረማል።

አደጋ፦ የጅማ ክረምት ለወረቀት አይራራም። አንዱ ደብተሬ ከጅሬን ኮረብታ ስወርድ በዝናብ ረጥቶ ቀለሙ ሁሉ ፈሰሰ። የቻናሉ ጣጣ ሌላ ነው። ስንት ሰው እንዳየው ከምትናገረው የዓይን ምልክት አጠገብ 11 የሚል ቁጥር ካየሁ ቀኑን ሙሉ ይከፋኛል። አራቱ ደግሞ ዘመዶቼ ናቸው! ግን አንዴ ስለ ቡና ለቀማ ብጽፍ፣ የማላውቀው ሰው «እናቴን አስታወስከኝ» አለኝ። ደብተር እንዲህ አይልም።

ምስጢርና ያልበሰለ ሐሳብ ለሚጽፍ፣ ደብተር። አንባቢ ካልጎተጎተው ብዕር ለማያነሳ፣ እንደኔ ላለ ሰነፍ፣ ቻናል።