ለጥንዶች የቅዳሜ ጉዞ፦ ፖርቱጋል ድልድይ ወይስ አዋሽ ፏፏቴ?

ርቀት፦ ደብረ ሊባኖስ አጠገብ ያለው ፖርቱጋል ድልድይ ከአዲስ አበባ በሱሉልታና በጫንጮ በኩል 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጠዋት ወጥቶ ሳይመሽ መመለስ ይቻላል። አዋሽ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እስከ አዳማ ፈጣን መንገድ አለ፤ ከዚያ በኋላ ከከባድ መኪና ጋር መጋፋት ነው።

ወጪ፦ አዋሽ ነዳጁ እጥፍ ነው። የፈጣን መንገድና የፓርክ መግቢያ ክፍያም አለ።

ውሃው፦ ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። የፖርቱጋል ድልድዩ ውሃ የሚያምረው ክረምቱ እንዳለቀ፣ መስከረም ላይ ነው። በበጋ ሄዳችሁ ደረቅ ቋጥኝ ብታገኙ እንዳትኮራረፉ! ገደሉና ጭላዳዎቹ ግን የትም አይሄዱም። ገዳሙንም ለመሳለም ካሰባችሁ ነጠላ ያዙ። አዋሽ በበጋም ይፈሳል፤ ፓርኩ ውስጥ ሳላ ልታዩ ትችላላችሁ።

ስጋት፦ ደብረ ሊባኖስ ላይ ለሰልፊ ብላችሁ ገደሉ ጫፍ አትሂዱ። አዋሽ ላይ አዞ አለና ውሃው ውስጥ አትግቡ። ለሁለቱም ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ጸጥታ አጣሩ።

ሱሉልታ አካባቢ ለምትኖሩና አንድ ቀን ብቻ ላላችሁ፣ ፖርቱጋል ድልድይ። ቱሉ ዲምቱ በኩል ለሆናችሁ፣ ሙቀት ለማይከብዳችሁና ማደር ለምትችሉ፣ አዋሽ።